የኢሶቤል ራንኪን ቃጭል

ስኮትላንድ ውስጥ ያለው የክሬግበርን የቦውል ክለብ አንድ ሕግ አለው፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ያወጣው ሰው ሥራ ፈት እንደነበረ ግን አያጠራጥርም። ሣር ላይ የምትንከባለለው የዚህ ጨዋታ ኳስ መቼም ቀጥ ብላ አትሄድም፣ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። ጎኗ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት አለች፤ ፍጥነቷ በረድ ሲል ሣሩ ላይ ወደዚያች ምልክት ታጥፋ ዒላማ የሆነችውን ነጭ ትንሽ ኳስ ትጠጋለች። ገልብጦ የያዛት ሰው ግን ጉዱ ፈላ። ወደ ነጯ መጠጋቷ ቀርቶ፣ አጠገብ የሚጫወቱ ሰዎች እግር ሥር ሄዳ ትወሸቃለች። እንዲህ ያደረገ ሰው በእኛ ክለብ የላም ቃጭል አንገቱ ላይ ይታሰርለታል። ቃጭሉ የሚወልቅለት እሱ ባለበት ሜዳ ሌላ ሰው ያንኑ ስህተት ሲሠራ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ሜዳ በገባ ቁጥር እያንቃጨለ ይጫወታል።

ኢሶቤል ራንኪን ደግሞ በሰው መሳቅ ነፍሷ ነው። አንድ መስከረም ቃጭሉ ለክለቡ ሊቀመንበር ለዱጋልድ ሲታሰር፣ «ሣር ላጭድልህ እንዴ?» ያለችው እሷ ናት። በሳምንቱ ወሬ እያወራች ኳሷን ገልብጣ ለቀቀቻት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዱጋልድ ቃጭሉን ከአንገቱ አውልቆ በደስታ አሰረላት።

«ደረቅ ሣር ነው እርጥብ የምትወጂው?» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ተጠነቀቀ። ማንም ኳሱን ሁለት ሦስቴ ሳያገላብጥ አይወረውርም። ኢሶቤል ያልሞከረችው ተንኮል የለም። ሰው ጎንበስ ሲል ታስላለች፣ ታስነጥሳለች። አንድ ቀን ዱጋልድን ልክ ሊወረውር ሲል፣ «ቀበቶህ ተፈቷል» አለችው። ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው ኳሷን ነጯ ጉያ ውስጥ አስገባት። ሴትዮዋ ተስፋ ቆረጠች።

በዚህ መሃል ነው ለስኮትላንድ የተመረጠችው። ጀርሲ ደሴት ላይ በሚደረገው የአውሮፓ ውድድር ብቻዋን ልትጫወት ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። ደብዳቤው ሲደርሳት ግን የመጀመሪያ ሐሳቧ አንገቷ ላይ ያለው ጉድ ነው።

«ዱጋልድ፣ ስለ እግዚአብሔር» አለችው። «ድሮ እኛና እንግሊዞች ብቻ ነበርን። ቢስቁብንም የሚያውቁን ናቸው። አሁን ቼኩ አለ፣ ሃንጋሪው አለ፣ ማልታው አለ፣ ስዊሱ አለ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቃጭል አንጠልጥዬ ልቁም?»

«ሕግ ሕግ ነው» አላት። «ለስዊሶቹ እንደሆነ ላሞቻቸው ሁሉ የሚያንጠለጥሉት ነው፣ ቃጭል ብርቃቸው አይደለም።»

ደብቃ እንዳታስቀረው እሱም አብሯት ተሳፈረ።

በመክፈቻው ቀን ኢሶቤል ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ እያንቃጨለች ሜዳ ገባች። የሳቀ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሃንጋሪዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁላት። ለካስ እነዚህ ሰዎች ጨዋታውን ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው፤ ከስኮትላንድ የመጣውን ሁሉ እንደ ቅዱስ ነገር ነው የሚያዩት። አንዱ ወደ ዱጋልድ ጠጋ ብሎ፣ «ይህ ስንት ዓመት ለተጫወተ ነው የሚሰጠው?» ሲል በአክብሮት ጠየቀው።

«ዕድሜ ልካቸውን ተጫውተው የማያገኙት አሉ» አለ ዱጋልድ፣ ጥርሱን ሳያሳይ።

ኢሶቤል እያሸነፈች ለመጨረሻው ጨዋታ ደረሰች። የገጠመቻት ያርሚላ የምትባል የፕራግ ሴት ናት፤ ጨዋ፣ እጇ የማይሳሳት። ነጥባቸው እኩል ለእኩል ሆኖ፣ የኢሶቤል ኳስ ለነጯ ቀርባ ሳለ ያርሚላ አንድ ኳስ ቀራት። ያርሚላ ኳሷን አነሳች፣ ዓይኗን ከቃጭሉ ላይ መንቀል አቃታት፣ ወረወረች። ገልብጣ ኖሯል። ኳሷ አጠገባቸው የሚጫወቱትን ማልታዎች አልፋ ዳኛው ወንበር ሥር ገባች።

ኢሶቤል የአውሮፓ አሸናፊ ሆነች። እሷ ግን የታያት ወርቁ አይደለም፣ አንገቷ ነጻ መውጣቱ ነው። ሜዳሊያውን እንዳጠለቁላት ቃጭሉን ፈትታ ያርሚላ አንገት ላይ አሰረችው።

ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሳ። አሸናፊዋ የራሷን ክብር ለተሸናፊዋ ሰጠች ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲነገር፣ የተናጋሪው ድምፅ ተሰበረ። ያርሚላ ተንሰቀሰቀች።

«እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም።»

ኢሶቤል ምን ትበል? እውነቱን ብትነግራት፣ ያጠለቀችላት ክብር ሳይሆን መሳቂያ መሆኑ ሊወጣ ነው። «ይገባሻል» አለቻት፤ እሱስ ውሸት አልነበረም። ወዲያው ፎቶ አንሺው መጥቶ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ቃጭሉን ጋረዱት» አላት። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ያርሚላ ከነቃጭሏ ወጣች፣ ከኢሶቤል ደግሞ ክርኗ።

አገሯ ስትመለስ አንገቷ ቀለላት፣ ግን ሰው ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ። ሜዳሊያ እንደሆነ ማንም አለው። በግልጽ እንናገረው፣ ቀናች። ዓመት ሙሉ የረገመችውን ቃጭል እንደ ልጅ ናፈቀችው። የሃንጋሪና የማልታ ክለቦች የየራሳቸውን ቃጭል አሠርተው ለምርጥ ተጫዋቾቻቸው መስጠት ጀመሩ ሲባል ስትሰማ እህል አልበላ አላት።

በፀደይ ያርሚላ ፕራግ ድረስ ለጨዋታ ጋበዘቻት፤ ሄደች። ያርሚላ ቃጭሉን ወልውላ፣ በቀይ ጥብጣብ አንጠልጥላ ተቀበለቻት። ጨዋታው ተጀመረ። ኢሶቤል ኳሷን አነሳች፣ ምልክቷን ፈለገች፣ አገኘች፣ አስባበት ገለበጠቻትና ከልቧ ለቀቀቻት። ኳሷ የጎረቤቶቹን ጨዋታ በታትና ቦይ ውስጥ ገባች። ኢሶቤል ሻርፗን አወለቀች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆመች።

ያርሚላ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት። «እኛ ዘንድ በዚህ ሰው አይሳቅበትም።» ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻትና እያንቃጨለች ወደ ቦታዋ ተመለሰች።