ስለ ነጅሙዲን የተጠየቅኩ ዕለት

ሸዋ ሮቢት ላይ ፈጣን መኪና አለ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እሱ መኪና አያውቅም። ያለው የጫት መኪና ነው። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ኮምቦልቻ ልድረስ ብሎ የሚንደረደር፣ የኋላ መብራቱ በፕላስተር የተጣበቀ፣ ጥሩምባው ከሞተሩ የሚበልጥ አሮጌ ሃይሉክስ። ያ ሲያልፍ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ አንገቱን ያዞራል። "አየኸው? በረረ እኮ!" ይባባላል። በረረ! እኔ ስለዚያ የዓለም ፈጣን መኪና፣ ስለ ቡጋቲ፣ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ሞተሩ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ጎማው እንዴት እንደሚፈተን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። እነዚህ ሰዎች ቡጋቲ ቢያዩ ግን የሚጠይቁት ስንት እስር ጫት ይጭናል ብለው ነው።

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ይህን እየመዘዙ የሚያነሱብኝ ሰዎች አሉ። ኳስ የሚተነትነው ሁሉ ኳስ ተጫዋች ነው እንዴ?

ስሜ ጣሪቅ ነው። ዋናው አስፋልት ዳር ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ድረ ገጽም እሠራለሁ። እሠራለሁ ስል የሚያሠራኝ ሲገኝ ነው። ለዚህ አገር ነጋዴ ድረ ገጽ ማለት ፌስቡክ ነው፤ ፌስቡክ ማለት ደግሞ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተደግፎ የተነሱትን ፎቶ መለጠፍ ነው። አንድ ባለ ሆቴል በስንት ልመና አሳምኜ ድረ ገጽ ሠራሁለት። አይቶ አይቶ ምን አለኝ? "መግቢያው ላይ የልጄን የምርቃት ፎቶ አድርግልኝ፤ ዘፈንም ይኑረው።" አደረግኩለት። አልጋ ሊይዝ የገባ እንግዳ ከአልጋው በፊት ጥቁር ጋዋን የለበሰች ልጅና ከበሮ ይቀበሉታል። ይህን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሳወራው ነው የከረምኩት፤ ያላስቀኝ ቀን የለም።

እኔ የምወደው ስሙን ነው። ዶሜይን የሚባለውን፣ ሰው ድረ ገጽ ለመክፈት የሚጽፈውን ስም። አንድ ስም በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ያስመዘገበ ይይዘዋል፣ ሌላው ደጅ ይጠናል። መሬት እንዲህ አይደለም፤ መሬት ወንድም ይካፈለዋል፣ ጎርፍ ይበላዋል። እኔ የሽንኩርቱን፣ የማንጎውን፣ የቆላውን መንደሮች ስም እየፈለግኩ ይዣለሁ። አንድ ቀን እዚህ አገር ሰው የሚባል ሲፈጠር ይፈልገዋል። አጎቴ ኸድር ይህን ስነግረው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የእሱ ላም ምድር ላይ ናት፤ ወተቷን ግን እሱም አይቶት አያውቅም።

ከሁሉም የሚብሰኝ ነጅሙዲን ነው። አብረን ተምረናል፣ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። እሱ የጫት መኪና ይነዳል። በሱቄ ባለፈ ቁጥር ጥሩምባውን ሦስቴ ሳይነፋ አያልፍም። ሰላምታ መሆኑ ነው። ቆርቆሮ ነጂ እለዋለሁ፣ ፊት ለፊቱ። ይስቃል። ሲሰድቡት የሚስቅ ሰው ስድቡ አልገባውም ማለት ነው፣ እል ነበር።

ኢልሀም የቀወት ገጠር ልጅ ናት። የሽንኩርት አምራቾች ማህበር ሂሳብ ሠራተኛ ስትሆን፣ የማህበሩ ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር በባጃጅ አቅፋው የምትመጣው እሷ ነች። ስለያዝኳቸው ስሞች ስነግራት አልሳቀችም። "ስሙን ከያዝክ በኋላ ታዲያ ምን ታስገባበታለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ከተማ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። በዚያችው ቅጽበት ወደድኳት። እንደኔ ሰው የሚንቅ ሰው አንዴ ከወደደ አያድርስ ነው። "ለቀወት ልጅ ጎበዝ ነሽ" አልኳት። እኔ ማሞገሴ ነበር። እሷ ቻርጀሯን ጠቅልላ ወጣች።

ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴ ኸድር ሁለት ሰዎች አስከትሎ ቀወት ወርዶ፣ አባቷን ጋሼ አብዱረሂምን አነጋግሮ ተመለሰ። መልሱ "እናጠያይቅ" ነበር። በእኛ በኩል ልጅ ዝም ብሎ አይሰጥም። የልጅቱ አባት ስለ ልጁ ያጠያይቃል፤ የተጠየቀውም ይውደደው ይጥላው የሚያውቀውን መናገር አለበት። አማና ነው። በአማና ተጠይቆ የደበቀ ወይም የጨመረ ከአላህ ዘንድ ይጠየቅበታል።

የት ነው የሚያጠያይቀው ብዬ አሰብኩ። በዚህ ዘመን ሰው ስለ ሰው ሲፈልግ ስም ጽፎ በስልክ ነው የሚፈልገው። የሰውዬው የመጀመሪያ ልጅ አዲስ አበባ ነው፤ ይፈልግለታል። ስለዚህ የራሴን ስም ከነአባቴ ስም ዶሜይን አደረግኩና ድረ ገጽ ሠራሁ። ሠራሁ ስል ሠራሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ አልወጣም። ፎቶዬ ከነሱፉ፣ ሙያዬ፣ የወደፊት ዕቅዴ። "ምስክርነት" የሚል ገጽም ከፈትኩ። አዲስ አበባ ያለ የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፣ አዳማ ያለች ባለ ፋብሪካ፣ ዱባይ ያለ ሐኪም ስለ ጨዋነቴ መሰከሩ። ሦስቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ መልካቸውን ኮምፒውተሩ ፈጠረልኝ። ምን ይደንቃል? ዓለም ሁሉ የሚያደርገው ነው። ከፀጉር ቆራጭና ከባጃጅ ነጂ ምስክርነት ልሰብስብ?

አንድ ቀን በቀትር፣ አስፋልቱ ሊቀልጥ በደረሰበት ሰዓት፣ ጋሼ አብዱረሂም ራሱ ሱቄ መጣ። ደነገጥኩ። መልስ በሽማግሌ ነው የሚመጣው እንጂ የልጅ አባት በእግሩ አይመጣም። በሽርጡ ላይ ኮት ደርቧል፤ ላቡ በጢሙ ይወርዳል።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩሙ ሰላም፣ ጋሼ አብዱረሂም! ይቀመጡ፣ እዚህ ቬንትሌተሩ ስር ይሁኑ።"

ተቀመጠ። ውኃ ሰጠሁት። ጠጥቶ "አልሃምዱሊላህ" አለና፣ "ስጠይቅ ሰነበትኩ፣ ልጄ" አለኝ።

"አንቱ በዚህ ፀሐይ ምን አደከመዎት?" አልኩና ላፕቶፑን አዞርኩለት። "ሁሉም እዚህ አለ እኮ።"

መነጽሩን አውጥቶ በሽርጡ ጠርዝ ወለወለና ማንበብ ጀመረ። በጣቱ እየተከተለ፣ አንድም ቃል ሳይዘል አነበበ። ምስክርነት የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ይህ ሰውዬ ማነው?"

"የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ አዲስ አበባ።"

"ጥሩ አድርጎ ይናገራል። እስቲ ደውልና አገናኘኝ፣ ሁለት ነገር ልጠይቀው።"

"አሁን ስብሰባ ላይ ነው፣ ጋሼ።"

"ሴትዮዋስ?"

"እሷም… ሥራ ይበዛባታል።"

"ሐኪሙም በሽተኛ ይዟል በለኛ።" አልሳቀም። ላፕቶፑን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ዘጋው። "ተወው። ሌላ ነገር ነው ያመጣኝ። ሽማግሌ የላክህብኝ አንተ ብቻ አይደለህም። ነጅሙዲንም ልኳል።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ነጅሙዲን! ያ ቆርቆሮ ነጂ!

"ጎረቤቱ ነህ፤ አብራችሁ አድጋችኋል" አለ ጋሼ አብዱረሂም። "ከአንተ ጋር በአንድ ልጅ መምጣቱን አውቃለሁ፤ ደግ አይደለም አንተን መጠየቄ። ግን እንዳንተ የሚያውቀው የለም። በአማና እጠይቅሃለሁ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ያን ጊዜ ዝም ማለት እችል ነበር። "እኔን በዚህ አይጠይቁኝ" ብል ማንም አይቀየመኝም። ግን ደሜ ፈልቷል፤ አፌ ደግሞ ለነጅሙዲን ሁልጊዜ ክፍት ነው።

"ጋሼ፣ እሱ ሰው አይደለም፣ ጥሩምባ ነው" አልኩ። "ጠዋት ይነፋል፣ ማታ ይነፋል። ከክላቹና ከፍሬኑ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ፈጣን ነኝ ይላል፤ ፈጣን መኪና ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። አንድ ቀን ካራቆሬ ኩርባ ላይ ከነጫቱ ተገልብጦ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ልጅዎ ጥቁር ለብሳ ትመለስልዎታለች።"

"ፍጥነቱን ሰምቻለሁ። ይሰርቃል?"

"አይ፣ እሱስ አይሰርቅም።"

"ይጠጣል? ይማታል?"

"አላየሁም።"

"ሰው ያዋርዳል?"

"ለማዋረድም እኮ ጭንቅላት ይጠይቃል" አልኩት።

ጋሼ አብዱረሂም መነጽሩን ወደ ኪሱ መለሰ።

"አሁን ያንተን ልንገርህ" አለ። "ከመስጊድ እስከ ገበያ ጠይቄያለሁ። ሌባ ነው ያለኝ የለም። ሥራው ጥሩ ነው ይላሉ ሁሉም። ግን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አንድ አንድ ቃልህን አስቀምጧል። ፀጉር ቆራጩ ስለ እሱ ያልከውን ነገረኝ። ባለ ሆቴሉም ነገረኝ፤ ልጁ ስትመረቅ በቤታቸው የመጀመሪያዋ ነበረች፣ በእሷ ነው አሉ አገር ያሳቅከው። የገዛ አጎትህ ሲያሞግስህ ቆይቶ፣ 'አንደበቱን ግን እኛም አልቻልነው' አለኝ። ልጄ፣ ሰው ስለ ሌባ እንኳ እየሳቀ ያወራል። ስለ አንተ ሲያወሩ የሚስቅ አላየሁም።"

"ቀልድ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"ይሆናል። ያለ አንዳች ቅሬታ የመሰከረልህ አንድ ሰው ነው።"

"ማን?"

"ነጅሙዲን።"

"እኔም ሽማግሌ መላኬን ያውቃል?" አልኩ።

"ያውቃል። መንገድ ላይ አስቁሜ በአማና ስጠይቀው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። 'ምላሱ ስለት ነው፣ እጁ ግን ንጹህ ነው' አለኝ። 'ስንሰድበው አዝኖ አያውቅም፣ ሲሰድበንም አንቀየመውም። ወላሂ፣ ሚስቱን አያስርባትም፣ አይመታትም። እኔ ብቀርና እሱ ቢያገኛት ጥሩ እጅ ላይ ወደቀች እላለሁ' አለኝ።" ተነሣ፤ ኮቱን አስተካከለ። "ኢልሀም 'የሰማኸውን ሁሉ ሳታስቀር ንገረኝ፤ መራጯ እኔ ነኝ' ብላኛለች። ሄጄ ልነግራት ነው።"

"ጋሼ፣ ይቆዩ! ስለ ነጅሙዲን ያልኩት… በንዴት ነው። ላስተካክለው።"

በሩ ላይ ቆሞ ዞር አለ። የተቆጣ አይመስልም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "በአማና ነው የጠየቅኩህ። ያልከውን ነው የምነግራት" አለና ወጣ። ድረ ገጽ ላይ የተሳሳተ ነገር ሲገኝ ሰው ሳያየው አስተካክዬ እጭነዋለሁ፤ ማን አወቀብኝ? ይህኛው ግን በባጃጅ ተሳፍሮ ቀወት ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ኸድር ሱቄ መጥቶ በርጩማ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። "አላህ የተሻለ ይስጥህ" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ልጅቱ ነጅሙዲንን መርጣለች።

መናቅ ሞከርኩ። የቀወት ልጅ ከጫት መኪና ሌላ ምን ሊያምራት ይችላል አልኩ። ከሽንኩርት ጆንያ የወጣች ስለ ዶሜይን ምን ታውቃለች አልኩ። ድሮ እንዲህ ስል ደረቴ ይነፋልኝ ነበር። አሁን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ይመርረኛል። "ምን ታስገባበታለህ?" ያለችኝ እሷ ናት፤ እኔም ምንም አላስገባሁበትም። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ፣ ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ያ ሃይሉክስ ሲመጣ ከሩቁ እየሰማሁ ጓዳ መግባት ለመድኩ። አንድ ጠዋት ግን ጥሩምባ ሳይነፋ መጣና ደጄ ላይ ቆመ። መደበቂያ አጣሁ። ነጅሙዲን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በእጁ ጠራኝ። ወጣሁ።

"ጣሪቅ፣ ላናግርህ ፈልጌ ነው" አለ። ለወትሮው እንደሚጮኸው አልጮኸም። "አባቷ ስለ እኔ አንተን ጠይቆህ ነበር አሉ።"

"ጠይቆኛል" አልኩ።

"ምን አለ ብዬ ስጠይቀው አማና ነው ብሎ እምቢ አለኝ። ኢልሀምንም ጠየቅኳት፤ እሷ ደግሞ ዝም አለች። ዝም ስትል ጊዜ ደግ መመስከርህ ገባኝ።" ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ያ ቆርቆሮ ነጂ። "አንተም እንደምትፈልጋት እያወቅክ! ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ቃል ያጠፋኝ ነበር። ወላሂ፣ ይህን እኔ አልረሳውም። ለሠርጉም ጋቢና ከጎኔ የምትቀመጠው አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው አይደለም። አላህ ይስጥልኝ፣ ወንድሜ።"

እጁን በመስኮቱ ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት።

"ምንም አይደል" አልኩት።