የተረፉት ግሩፕ

1.

ተረፍን።

2.

ቲቸር መላኩ ግሩፕ መሥርቱ ሲለን ሁሉም የአገሩን ልጅ ፈለገ። የወሎ ልጆች ከወሎ፣ የጅማ ልጆች ከጅማ። በሩ ላይ «ብዝኃነታችን ውበታችን» የሚል ፖስተር አለ።

ሦስት ሰው ቀረ። መስማት የተሳናት ኩዌ። ከጋምቤላ የመጣችው ኛቦል። ኮርሱን የምደግመው እኔ። ቲቸር ስማችንን ጽፎ ከላዩ «የተረፉ» ብሎ ጨመረበት። ክፋት አልነበረውም።

3.

ርዕሳችን ከከተማው በታች የሚወርደው ወንዝ ብክለት ነበር። ኩዌ ወንዙ ድረስ ወርዳ የልብስ አጣቢዎቹን እጅ ፎቶ አነሳች። ቆዳቸው ተልጧል።

ከላይብረሪው ጀርባ የምልክት ቋንቋ አስተማረችን። ኛቦል ቶሎ ያዘች፤ «አማርኛንም የተማርኩት የሰው ፊት እያየሁ ነው» ትላለች። እኔ ወንዝ ያልኩ እየመሰለኝ እባብ ስል ከረምኩ። ሁለቱም አላረሙኝም። ይስቁ ነበር።

4.

የማቅረቢያችን ቀን ኩዌ በእጇ ተናገረች፣ ኛቦል በድምፅ ተረጎመች፣ እኔ መደምደሚያውን አነበብኩ። ከኋላ አንዱ የኛቦልን አነጋገር አስመስሎ ደገመ። ክፍሉ ሳቀ። ኩዌ ሳቁን አልሰማችም።

አይታዋለች።

5.

ቲቸር የንግግር ማርካችንን ነገረን። ለኛቦል ሙሉ። ለእኔ ሙሉ። ለኩዌ ዜሮ። «ማርኩ ለንግግር ነው፣ እሷ ደግሞ አልተናገረችም፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ።

ኛቦል ይህንንም ለኩዌ መተርጎም ነበረባት።

6.

ኛቦል፦ የተናገረችው እሷ ናት ቲቸር። እኔ ድምፅ ነው ያዋስኳት። ለሷ ዜሮ ከሆነ ለኔም ዜሮ ያድርጉልኝ።

ቲቸር፦ አንተስ?

7.

እዚህ ላይ አንባቢ ማወቅ ያለበት፦ ይህን ኮርስ ዳግመኛ ከወደቅኩ ከግቢው እባረራለሁ። አባቴ መድገሜንም አያውቅም።

8.

«ለኔም ዜሮ» ስል በእጄ መለስኩ።

ሁለት ምልክት ተሳሳትኩ። ኩዌ እዚያው አረመችኝ።

ቲቸር «ምን አለ?» ብሎ ክፍሉን ጠየቀ። የሚያውቅ የለም። ኛቦልን አያት። አልተረጎመችለትም። እንደገና ወደ እጆቼ ተመለከተ፤ ቆመዋል።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከፊት ረድፍ አንዱን ተማሪ አስነስቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ከመጀመሪያው ድገሙልኝ» አለ። ኛቦል ልትተረጉም ስትነሳ በእጁ አስቆማት።

«ቆይ አንቺ። መጀመሪያ እሷን ልያት።»

9.

ኩዌ፦ (እጆቿን አነሳች።)