በጎመን ወንፈል የተከሰሰችው ማልሱን

ለጎረቤትህ ጎመን ስታጥብ ውለህ፣ በዓመቱ መንግሥት «ተቀጥረህ ነበርና የበላኸውን ትፋ» ቢልህ ምን ትመልሳለህ? በኮሪያ ማልሱን የተባለችን ሴት ያሏት ይህንኑ ነው።

የካልሲ ፋብሪካው ሲዘጋ ማልሱን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሃያ ዓመት ከደመወዟ እየተቆረጠ ከገባበት የሥራ አጥ መድን የአምስት ወር ተከፈላት። በዚያው ኅዳር ሰፈሩ እንደ ወትሮው ለብርዱ ወራት የሚቀመጠውን ኪምቺ፣ በበርበሬ ታሽቶ የሚኮመጥጠውን ጎመን፣ በወንፈል አዘጋጀ፤ ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ አንቺ ቤት። ተራው የጎረቤቷ የዮንግጃ ሆነ። ዮንግጃ ምግብ ቤት አላትና ማልሱን በምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ቀይ ጓንት አጥልቃ ጎመኑን በበርበሬ ስታሽ ፎቶ ተነሣች። ፎቶው የመድኑ ቢሮ ደረሰ። ቢሮው የሚያውቀው ቅጥርን ብቻ ነው፤ መጥቶ የጠየቀ የለም። «ምግብ ቤት ተቀጥረሽ እየሠራሽ በማጭበርበር የወሰድሽውን ስምንት ሚሊዮን ወን መልሺ» የሚል ደብዳቤ ጻፈባት። ያላት ለአከራይዋ ያስያዘችው የቤት ኪራይ መያዣ ገንዘብ ብቻ ነው፤ እሱ ከተነካ ሜዳ ላይ ወደቀች ማለት ነው።

በተከታዩ ኅዳር፣ የኪምቺው ወቅት ዳግም ደርሶ፣ ይግባኟ በሚሰማበት ቀን ስድስት ጎረቤቶቿ ተከትለዋት ገቡ። ደብዳቤውን የፈረመው የክፍል ኃላፊ አቶ ሶ ለዚያ ቀን ሥራ ምን እንዳገኘች ጠየቃት። አንድ ባልዲ ኪምቺና አንድ ሰሃን ቅቅል የአሳማ ሥጋ ነው አለችው።

«እንግዲያው ክፍያ ነዋ» አለ።

«በማግሥቱ እሷ መጥታ የእኔን አጠበችልኝ። እኔም አሠሪዋ ነኝ?»

ዮንግጃ ከኋላ ሆና «እትዬ ማልሱን ደመወዜን እስካሁን አልሰጠችኝም፤ እሱንም ጻፉልኝ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ማልሱን ግን የአቶ ሶን ጣቶች ታይ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር በርበሬ ቀልቷል።

«ቅዳሜ የት ዋሉ፣ ጌታዬ?»

ሰውዬው እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ። መዋሸትም አልሆነለት። «አማቴ ቤት» አለ።

«ስንት ከፈሉዎት?»

«ሁለት ባልዲ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ የይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ሰብሳቢዋም ሳቋን በወረቀት ሸፈነች። አፍታም ሳይቆይ ዕዳው መሰረዙን አነበበች። ጎረቤቶቿ አጨበጨቡ፣ ተቃቀፉ፤ ዮንግጃ የዛሬው ሥጋ በእኔ ነው ብላ ሁሉንም ወደ በሩ ነዳች። ማልሱን ፊቷ በደስታ በርቶ፣ ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም።

«ዕዳው ተነሣልኝ፤ እሰየው። አጭበርባሪ የሚለውንስ ማን ያነሣልኛል? አቶ ሶ፣ ያንን ደብዳቤ ሲፈርሙ ከሰፈሬ አንድ ሰው እንኳ ጠይቀው ነበር? ይነሡና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሱልኝ።»