ለናካቶ የተተከለው ድንኳን

ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ናካቶ ከገበያ ስትመለስ ስልኳ በቦታው አልነበረም። የቻርጀሩ ገመድ ብቻ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል።

«እድላዊት፣ ስልኬን አይተሻል?»

የቤቱ ልጅ እድላዊት ሌላ ቀን ቢሆን እንግሊዝኛ ለመለማመድ ከናካቶ ጎን አትጠፋም ነበር። ያን ዕለት ግን ከምትለቅመው ምስር ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «ተበላሽቶ እማዬ ለጠጋኝ ሰጥታዋለች» አለች።

«ደህና ነበረ እኮ!»

«እኔ ምን አውቄ።»

ናካቶ የኡጋንዳ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ስትማር አማርኛውን አቀላጥፋዋለች። ያን ክረምት የወሎን አነጋገር ልታጠና መካነ ሰላም መጥታ፣ ወይዘሮ አበዛሽ ቤት እንደ ልጅ ተቀምጣለች። አባቷ ማሳካ በሚባል ከተማ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ መንታ እህቷ ባቢሪዬ ማታ ማታ እየደወለች ውሏቸውን ትነግራታለች። ከባሰባቸው ጥናቱን ጥላ ልትሄድ ተነጋግረዋል። ስልኩ ጠፋ ማለት የአባቷ ወሬ ተቆረጠ ማለት ነው።

ወይዘሮ አበዛሽ ሲገቡ ነገሩ ሌላ ሆነ።

«ወረኢሉ ልኬዋለሁ፣ ዕቃው እዚህ የለም። አንቺ መጀመሪያ እህል ቅመሺ።»

«እንግዲያው በእርስዎ ስልክ ልደውል፣ እትዬ።»

«ኔትወርክ የለም ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ...»

አፋቸውን ሳይዘጉ ስልካቸው ከብብታቸው ሥር ጮኸ። ነጠላቸውን ጠቅልለው እየሮጡ ወደ ጓሮ ወጡ። ናካቶ ከዚያ በኋላ የቀረበላትን ሁሉ ስታገላብጥ አመሸች እንጂ አልጎረሰችም።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታቸው ዘሊካ መጣች። አገጯን ይዛ ትክ ብላ አየቻት።

«ይቺን የመሰለች ልጅ! አብሽሪ እሺ፣ የኔ እናት? አብሽሪ።»

«ምን ሆኜ ነው የምታጽናኚኝ?»

«ዘሊካ! ነይ ግቢ ወደ ጓዳ!» ብለው ወይዘሮ አበዛሽ ጎትተው አስገቧት። ጓዳው ግን በመጋረጃ እንጂ በግድግዳ አልተከለለም።

«አምላኩ መቼ ይደርሳል?»

«ዛሬ ማታ ከማሻ ይገባል። እሱ ሳይመጣማ እንዴት ይሆናል?»

«እንግዲያ ነገ ጎህ ሲቀድ ነዋ። ልብሱስ?»

«በቀሚሷ ልክ ለሰፊው ሰጥቻለሁ።»

አምላኩ የወይዘሮ አበዛሽ የበኩር ልጅ ነው፤ ማሻ በሚባል ቦታ የሚያገለግል ዲያቆን ስለሆነ ሳይቀስስ ሚስት ማግባት አለበት። እናቱ ወጥ ሲያወጡ «አንቺን የመሰለች ባገኝለት» እያሉ ሲስቁ ናካቶም አብራ ትስቅ ነበር። አሁን ሳቁ ጠፋባት። ወደ ደጅ ብትወጣ፣ ጋሹ የሚባለው ጎረቤትና ሌሎች ሰዎች የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ወደ አጥሩ ሲመጡ አየች።

«ለምንድን ነው ድንኳኑ?»

ጋሹ መሬት መሬቱን አየ። «ለ... እንዲያው አየር እንዲያገኝ ነው። ሻግቷል።»

«በዝናብ?»

ናካቶ ድንኳን ውስጥ ገብታ የምታውቀው አንድ ቀን፣ የክፍል ጓደኛዋ እህት ስትዳር ነበር። ዶርም ውስጥ ደግሞ የጠለፋ ወሬ ብዙ ሰምታለች። ፓስፖርቷን ከቦርሳዋ ከታ በጓሮ በር ወጣችና መናኸሪያ ደረሰች።

«ደሴ፣ አንድ ሰው።»

ትኬት ቆራጩ ሱፍያን ፊቱን አዞረ። «ሞልቷል።»

«ባዶ ነው እኮ! ይኸው እያየሁት!»

«የተያዘ ነው እህቴ። ነገ በጠዋቱ የፊተኛው ወንበር ያንቺ ነው፤ ሒሳብም አልቀበልሽ።»

«ነገ ምን ስለሆነ?»

«እኔን ባትጠይቂኝስ?»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ አበዛሽ ነጠላቸው ጭቃ እየጠረገ ከች አሉ። «የት ልትሄጂ ነው ልጄ?»

«እኔ ባል አልፈልግም!»

አንዱ ወያላ ሊስቅ ሲል ሱፍያን በክርኑ ጎሰመው።

«ባል? የምን ባል?»

«አምላኩን! ድንኳኑን አይቻለሁ፣ ልኬን ወስዳችኋል፣ ስልኬን ደብቃችኋል!»

ወይዘሮ አበዛሽ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ዙሪያቸውን አዩ፤ ሻንጣ ተሸካሚ፣ በግ ጎታች፣ መንገደኛ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

«ወላዲተ አምላክን፣ ማንም አይድርሽም። ዛሬን ብቻ እደሪልኝ፤ ነገ ጠዋት ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

ናካቶ ሴትየዋ እያለቀሱ መሆኑን ስታይ ይበልጥ ፈራች። ግን ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። ተመልሳ በሩ ላይ ወንበር አስደግፋ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተኛች።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ግቢው በሰው እግር ኮቴ ተሞላ። ወንበሩ ተገፍቶ ወደቀ። ከፊት የቤቱ የንስሐ አባት ቄስ ወልደሩፋኤል፣ ከኋላቸው ወይዘሮ አበዛሽ ጥቁር ቀሚስ ታቅፈው፣ ከጎናቸው አምላኩ፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ቆሟል።

«ልጄ፣ አባትሽ አርፈዋል» አሉ ቄሱ።

ሴቶቹ እሪ አሉ። አምላኩ ክንዷን ደግፎ ይዞ «አባቴ! አባቴ!» እያለ፣ አይቷቸው ለማያውቃቸው ሰው እንባውን አፈሰሰ።

ናካቶ ክንዷን ከአምላኩ እጅ አስለቀቀች።

«መቼ?»

«ረቡዕ። እህትሽ ስትደውል አንቺ ገበያ ነበርሽ፤ እድላዊት አነሳችው።»

«ከረቡዕ ጀምሮ ታውቁ ነበር?»

«በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሌለበት፣ እንዴት መርዶ ይነገራል?» አሉ ወይዘሮ አበዛሽ። «ራስሽን ስተሽ ብትወድቂ ማን ይይዝሻል? ወንድም አጠገብሽ የለ፤ ወንድም ከማሻ አስመጣሁልሽ። ለአባትሽ ድንኳን አስተከልኩ።»

«ቀብሩስ?»

ሴትየዋ ግራ ገባቸው። «ረቡዕ ያረፈ ሰው ረቡዕ አይደል የሚቀበር? ቀብሩማ አልፏል ብዬ ነዋ።»

«እኛ አገር ዘመድ ሳይሰበሰብ አይቀበርም!»

እድላዊት ስልኩን ከሳጥን አውጥታ አመጣች። «ቶሎ ትምጣ ብላ ነበር... እኔም ስለ ቀብሩ አልጠየቅኳትም።»

ናካቶ ስትደውል ባቢሪዬ ገና ሳይጠራ አነሳችው። ቀብሩ በማግስቱ ነው። የናካቶ ድምፅ ስለጠፋ እህቷ ማንንም ጠብቁልን ማለት አልቻለችም፤ አሁን የሩቁ ዘመድ ሁሉ ተጠርቶ መንገድ ላይ ስለሆነ ቀኑን ማዛወር አይቻልም። ወይዘሮ አበዛሽ ከንግግሩ አንድም ቃል ሳይገባቸው የናካቶን ፊት አዩና ጥቁሩን ቀሚስ እንደታቀፉ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ምን አደረግኩሽ ልጄ» አሉ።

ናካቶ ቀሚሱን ከእጃቸው ወስዳ ለበሰችው። ሱፍያን ፊተኛውን ወንበር ይዞ ጠበቃት፤ አምላኩ እስከ ደሴ ሸኛት።

አባቷ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ናካቶ ማሳካ የደረሰችው ሰኞ ጠዋት ነው።