ከአዳራሹ የተሰማው ሳቅ

እህቷ የሰጠቻትን ሻይ በሁለት እጇ እንደያዘች፣ እናትየው ጆሮዋን ወደ በሩ ጣለች። ከልጇ መሥሪያ ቤት የመጡት አንድ ጎልማሳና አንዲት ወጣት እዚያ ተቀምጠዋል። ወጣቷ ወደ ጎልማሳው ዘንበል ብላ፣ «አንባቢዋ እሳቸው ናቸው?» አለች። እሱም አዎ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።

ልጇ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«ቅመሺ እንጂ» አለች እህቷ። «ባዶ ሆድ ሐዘን አይችልም።»

እናትየው ዓይኗን ከእንግዶቹ አላነሳችም። ስለ ንባቤ ያውቃሉ ማለት ነው፣ አለች በልቧ።

ልጇ የዩኒቨርሲቲ አዳራሾችን ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ የሚጠግን ነበር። ኪሱ ያለቀ ባትሪ ስለማያጣ ባልደረቦቹ «ባትሪ» ይሉታል። እሷም ሱሪውን ከማጠቧ በፊት ባትሪውን እንደ ባቄላ ትለቅም ነበር። በስተርጅና ፊደል መቁጠር ስትጀምር ቅዳሜ ቅዳሜ ኩሽና ውስጥ ያስጠናት እሱ ነው። አንድ ቀን ስታነብ ድምፅዋን በስልኩ ቀዳው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ሥራ ቦታው ደወለችለት። ከድምፁ ኋላ ሌላ ድምፅ ሰማች፤ የራሷን። «ጣ... ራ... ው... ጠብ... ጠብ...» አዳራሽ ሞልቶ ያስተጋባል። ወዲያው ሳቅ ተከተለ። ስልኩን ዘጋችው። ጉልበቴን አሞኛል ብላ ዋሽታ ትምህርቷን ለአንድ ወር አቋረጠች። በኋላ ብትመለስም ለምን እንዳሳቀባት ግን አልጠየቀችውም። ዛሬ ነገ ስትል ልጁ ታመመ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ልጇን የቀበረች እናት ስለ ሳቅ ትጠይቃለች? ነውር መሰላት። ሳትጠይቅ ከቀረች ደግሞ እሱን ባሰበች ቁጥር ያ ሳቅ ሊሰማት ነው።

ጎልማሳው ሊሰናበታት ሲመጣ እጁን ያዘችው።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ወንድሜ። ልጄ በንባቤ ያስቃችሁ ነበር?»

መጀመሪያ አልገባውም። ስለ ስልኩ ስትነግረው ግን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ልጇ በየጠዋቱ የእሷን ንባብ ከፍቶ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሄድ እንደነበር ነገራት። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው የማጉያውን ጉድለት ይሸፍናል። እሷ ግን እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ ስለምታወጣው፣ ማጉያው የዋጠው ድምፅ ወዲያው ይታወቃል። «ጠብ» ያለችው ከኋላ ጥርት ብሎ ካልተሰማ ማጉያውን አውርዶ ይፈታዋል።

«የሳቅነውማ በአንድ መምህር ነው» አለ። «ሥልጠና ሊከታተል መጥቶ ድምፅዎን ሲሰማ የተጀመረ መሰለው። ስላረፈድኩ ይቅርታ ብሎ ተቀመጠና ደብተር አወጣ። ልንነግረው ስንል ባትሪ ከለከለን። ተዉት፣ ከእናቴ ይማር አለን።»

እህቷ ሳቋ አመለጣትና አፏን በመዳፏ ያዘች። እናትየው አልሳቀችም።

«ለምን አልነገረኝም?»

«አንድ ገጽ ሳትቆም ስታነብ አመጣትና ከኋላ ወንበር አስቀምጣታለሁ ይል ነበር። አንድ ወር ቢቀራት ነው ይለን ነበር።»

አንድ ወር። ያቋረጠችውም ልክ ያን ያህል ነበር፤ ብርጭቆውን ለእህቷ መለሰችላት።

«አሁን አጠፋችሁት?» አለች።

«ዛሬ ጠዋትም በአሥራ ስምንቱም አዳራሾቻችን አንብበዋል፣ እናቴ።»

ወጣቷ ስልኳን አውጥታ ንባቡን ከፈተችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የእናትየው ድምፅ ከስልኩ ወጣ። ዝናቡ ዘነበ፣ ጣራው ጠብ ጠብ አለ፣ ልጁ ባልዲ አመጣ። ንባቡ እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ የልጇ ድምፅ መጣ፣ ቅርብ፣ ከስልኩ አጠገብ።

«ጎበዝ፣ እማዬ። ቀጥዪ።»

ያን ቀን ድስቷ አርሮባት ብድግ ብላ ነበር። አልቀጠለችም።

ስልኩ ጸጥ አለ። እናትየው ሌባ ጣቷን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አሳረፈች፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ አድርጋ ገፋችው።