የሚተርፍ ጉልበት

«ተው! ለገሰ፣ ተው!»

አብነት ከጂሙ ደጃፍ ሆኖ ሲጮህ ቡጢው አርፎ ነበር። ሳሙኤል በአንድ እጁ ባዶ ጀሪካን፣ በሌላው ስልኩን እንደያዘ፣ እጁን ለመከላከል እንኳ ሳያነሳ ወደ ኋላው ተዘረረ። ጭንቅላቱ ከማደያው የሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ሲላተም የተሰማው ድምፅ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በዚህ ቢበቃ ምን ነበረበት! ለገሰ ግን ተጠግቶ የወደቀውን ሰው ጎኑ ላይ በጫማው ረገጠው።

ጠቡ የተነሳው በቤንዚን ሰልፍ ነው። ቦንጋ ውስጥ ቤንዚን ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ገባ ሲባል የከተማው ባጃጅ ሁሉ ማደያው ደጅ ተኮለኮለ። የገበያ ቀን በመሆኑ ሁሉም ቸኩሏል። ለገሰ ዘግይቶ መጣና ባጃጁን ከአንድ አይሱዙ ኋላ ባለች ክፍተት ሸጎጣት። ቦታው ጀሪካን ይዞ የተሰለፈው የሳሙኤል ነበር። «ወንድሜ፣ ሰልፍ እኮ ነው» አለው ሳሙኤል። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም። አይሱዙው ከፊት ያሉትን ሾፌሮች ጋርዷቸው፣ ከኋላም ገና ማንም ስላልተሰለፈ ቡጢውንም እርግጫውንም ያየ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ የቆመው አብነት ግን አንድም ሳይቀረው አይቷል።

ለገሰ የአብነት ሚስት የህይወት ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር፤ አዝላም አብልታም ያሳደገችው ህይወት ናት። አብነት ሲያገባት አብሮ የመጣ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ጂሙን ሲከፍትም የመጀመሪያው ሰልጣኝ ለገሰ ሆነ። ጂም ይባል እንጂ የቆርቆሮ ቤት ነው። ክብደቶቹ በወተት ጣሳ ውስጥ የረጋ ሲሚንቶ ናቸው፤ ብረቱም ከአሮጌ መኪና የወጣ አክስል። በዚያ ሲሚንቶ ለገሰ አበጠ። አንገቱ ከትከሻው ጋር አንድ ሆነ፤ ሸሚዝ አልዘጋ አለው። አብነትም ፎቶውን አሳትሞ ደጃፉ ላይ ሰቅሎት ነበር።

ቤቱን የረገጠ ሁሉ የአብነትን ስብከት ያውቀዋል። በስፖርት ሳይንስ ተመርቆ ዋጫ ከተማ ያስተማረ ሰው ነውና ማስተማር አልለቀቀውም። አዲስ ሰው ሲመጣ ብረት ከማስነካቱ በፊት ያስቀምጠዋል።

«የአካል ብቃት ማለት ደረት ማሳበጥ አይደለም» ይላል። «የቀን ሥራህን ሠርተህ ለድንገተኛ ነገር የሚተርፍ ጉልበት ሲኖርህ ነው ብቁ የምትባለው። ልብህና ሳንባህ ካልበረቱ ጡንቻህ ጌጥ ነው። አንድን ነገር አንዴ ማንሳት ጥንካሬ ነው፤ ሳይደክሙ መደጋገም ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጉሃል። ወገብህ አልታጠፍ ካለ፣ የሰውነትህ ክብደት ለእግርህ ከከበደ፣ የራስህ ኩሊ ነህ።»

ውባየሁና ሌሎቹ ባጃጅ ነጂዎች ይሰሙት ነበር፤ ሥራ ሳይገቡ ማለዳ ዳገቱን አብረው ይሮጣሉ። ለገሰ ግን ይስቅ ነበር። «ሩጫ የሌባ ነው፣ ኮች» እያለ ወደ መስታወቱ ይመለሳል።

አሁን ግን ለገሰ መንገዱን በሩጫ ተሻግሮ ወደ ጂሙ መጣ። ከኋላው የወደቀውንና የሚሮጠውን ያየች አንዲት ሴት «ሰው ገደለ!» ብላ ጮኸች። ሾፌሮቹ ከአይሱዙው ፊት ዞረው ሲመጡ ከሳሙኤል ጆሮ ደም እየፈሰሰ ነበር። ሁለቱ አንስተው ባጃጅ ውስጥ አስገቡትና ወደ ሆስፒታል በረሩ። የቀሩት ዞረው ለገሰን ፈለጉት።

«ዝጋው! በሩን ዝጋው!» አለ ለገሰ አብነትን ገፍትሮ እየገባ።

አብነት በሩን ዘግቶ አክስሉን ደገፈበት። ወዲያው ድንጋይ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ስልኩን አውጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ደወለ። መኪናው ለሌላ ጉዳይ ገበያ ወርዷል፤ እስኪመለስ ጠብቁ አሉት።

«ኮች!» የውባየሁ ድምፅ ነው። «ካንተ ጋር ጠብ የለንም። አውጣልንና ዞር በል።»

«ውባየሁ፣ ረጋ በል። ፖሊስ ይመጣል።»

«ሳሙኤል እየሞተ ነው! አውጣው አልኩህ!»

በሩ አንዴ ተገፋ፤ ሁለቴ ተገፋ። በሦስተኛው አክስሉ ተንሸራተተ። አብነት በትከሻው ሲገፋ፣ በተፈጠረው ክፍተት የጎማ መፍቻ ብረት ገባና ቀኝ እጁ አንጓ ላይ አረፈ። የሆነ ነገር ሲሰበር ተሰማው። ሕመሙ እስከ ጥርሱ ወጣ። ቢሆንም በሩን አልለቀቀም፤ አክስሉን በእግሩ ገፍቶ መልሶ አስደገፈው።

«በመስኮት!» አለ። «በኋላ በኩል ውጣ!»

መስኮቱ ጠባብ ነበር። ለገሰ ራሱንና አንድ ክንዱን አውጥቶ ተቀረቀረ። ወገቡ አልዞር፣ ትከሻው አልታጠፍ አለ። በዚያ ሁሉ ጡንቻ ውስጥ የሚተጣጠፍ ነገር የለም።

«አልችልም! ጋሼ፣ አልችልም!»

ጂም ውስጥ «ኮች» ይለዋል። ጋሼ የሚለው ሲጨንቀው ብቻ ነው። አብነት በጤነኛ እጁ ከመቀመጫው ገፋው። የቆርቆሮው ጠርዝ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው፤ ለገሰ እየጮኸ ወደ ውጭ ወደቀ። አብነት ተከትሎት እንደ ድመት ሾልኮ ወጣ። በሩ ከኋላቸው ሲገነጠል ሰሙ።

ከጂሙ ጀርባ እንሰት ነው። በሰፋፊው ቅጠል መሃል ተንደርድረው ወረዱ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ቀዩን አፈር ሳሙና አድርጎታል። ከታች ያለችውን ቦይ በአንዲት ግንድ ነው የሚሻገሯት፤ አብነት በሦስት እርምጃ አለፋት። ለገሰ መሃል ላይ ሚዛኑን ስቶ እስከ ጭኑ ጭቃ ገባ።

«ወደ ጫካው እንሂድ» አለ እየተንቀጠቀጠ። «ደካ የሚባል መንደር ዘመድ አለን። ማታ እሻገራለሁ።»

«ፖሊስ ጣቢያ ነው የምንሄደው።»

«ያስሩኛል እኮ!»

«እነዚህ ከያዙህ ማሰር የለም። ተነስ!»

ጣቢያው ከዳገቱ በላይ ነው። አብነት ያን ዳገት ስንት ማለዳ ሮጦታል። ለገሰ ግን ግማሽ ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳው። አፉ ተከፈተ፤ ከደረቱ የሚወጣው ትንፋሽ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይፏጫል። ከንፈሩ ጠቆረ። ያ ሁሉ ክንድ፣ ያ ሁሉ ትከሻ አሁን የሚሸከመው ጭነት ሆነ። አብነት ከኋላው እየገፋ፣ ሲወድቅ በቀበቶው እየጎተተ አወጣው።

ከታች እግር ይሰማል። አብነት መዞር አላስፈለገውም። አሯሯጣቸውን ያውቀዋል፤ በአፍንጫ ስቦ በአፍ ማውጣትን፣ ዳገት ላይ እርምጃ ማሳጠርን ያስተማራቸው እሱ ነው። የሚያባርሩት በሙሉ ብቁ ናቸው።

መታጠፊያው ላይ ደረሱባቸው። ስድስት ይሆናሉ። ለገሰ ተንበርክኮ ያስታውካል።

«ቁሙ!» አብነት በመንገዱ መሃል ቆመ።

«ዞር በል፣ ኮች።» ውባየሁ ብረቱን ይዟል። ዓይኑ ቀልቷል። የሳሙኤል የልብ ጓደኛ ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት።

«ውባየሁ፣ ብትገድለው ሳሙኤል ይድናል?»

ውባየሁ በትከሻው ገጭቶት አለፈ። አብነት ባልተጎዳ እጁ ሸሚዙን ሲይዘው የውባየሁ ክርን ፊቱ ላይ አረፈ፤ አፍንጫው ደም በደም ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ዱላና የድንጋይ ድምፅ ብቻ ነበር። ለገሰ አንዴ እንኳ ሳይመክት ወደቀ። አንዱ አፉን ረገጠው፤ ጥርስ ከደም ጋር ጭቃው ላይ ተተፋ። ሌላው ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጁ አነሳ። ለገሰ እንደ ሕፃን «እህቴን ጥሩልኝ፣ ህይወትን ጥሩልኝ» ይላል።

አብነት አላሰበም። ሄዶ በላዩ ተደፋበት። የመጀመሪያው ዱላ ጀርባው ላይ፣ ሁለተኛው ኩላሊቱ አጠገብ አረፈ። ሦስተኛው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ዓለም ጨለመበት። ጭቃውን ነክሶ የለገሰን ራስ በደረቱ ሸፈነው።

«ኮች ነው! ተዉ! ኮች ነው እኮ!» ውባየሁ ነው። ድንጋይ ያነሳውን ልጅ ክንዱን ጠመዘዘው። ድንጋዩ ከአብነት ጆሮ ጎን ወደቀ።

ከዚያ ከአንዱ ኪስ ስልክ ጮኸ። ሁሉም ወደዚያ ዞሩ።

«ሄሎ... እሺ... ይተነፍሳል?» ልጁ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «ይተነፍሳል። ግን አልነቃም። በአምቡላንስ ወደ ጅማ እየወሰዱት ነው።»

ውባየሁ ብረቱን ጣለና ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ። አብነት ለገሰን ከሥሩ ጎትቶ አቆመው።

«ወዴት ትወስደዋለህ?» አለ ውባየሁ ቀና ሳይል።

«ፖሊስ ጣቢያ።»

«ወስደህስ ምን ልትል? ያንተው ሰው ነው።»

አብነት ለገሰን ደግፎ ዳገቱን ወጣ። ስድስቱም ዱላቸውን እንደያዙ ራቅ ብለው እስከ ጣቢያው በር ተከተሏቸው።

ሳጅን ወልደሥላሴ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ለገሰን አስቀምጠው ጨርቅና ውኃ አስመጡለት።

«ምን ሆነ?»

«ቀድሞ... በጀሪካን መታኝ» አለ ለገሰ በተሰበረ ጥርሱ መሃል። «ሊደግመኝ ሲል ገፈተርኩት። ወደቀ። ጋሼ አይቷል፤ እሱን ይጠይቁት።»

ሳጅኑ ወደ አብነት ዞሩ። አፉን ሊከፍት ሲል፣ የለገሰን ቃል ከደጅ የሰማችው ህይወት እየሮጠች ገባች። ከምትሠራበት ከግብርና ቢሮ በሸበጥ ነው የመጣችው። ወንድሟን ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ሄዳም ያበጠ ፊቱን በመዳፏ ይዛ «ወይኔ ልጄን» አለች። ከዚያ አብነትን ሳብ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

«ጠይቀውሃል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ያለውን በልለት። አንድ ቃል ነው።»

«ህይወት፣ ሳሙኤል እጁን አላነሳም። ከወደቀ በኋላም ረግጦታል።»

ዓይኖቿን ጨፈነች። ከከፈተቻቸው በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሌላ ማን አየ?» አለች።

«እኔ ብቻ።»

«ታዲያ አንተ ካልተናገርክ...»

«ሳሙኤልስ?»

«ለሳሙኤል እናት እኔ ራሴ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ሽማግሌ እንልካለን፤ እናሳክመዋለን። አብነት፣ ይህ ልጅ እኮ ከእኔ ሌላ ሰው የለውም። ነፍሱን ያተረፍክለት አንተ አይደለህም ወይ? አሁን ልትጥለው ነው?»

አብነት የተሰበረ እጁን በግራው ደገፈ። አንጓው አብጦ ይመታል፤ ጀርባው ላይ ያረፈው ዱላ ትንፋሽ ሲስብ ይወጋዋል። በለገሰ ላይ ሲደፋ ማሰብ አላስፈለገውም ነበር። ይኸኛው ግን ቆም ብሎ የሚደረግ ነው፤ ሚስቱን እያየ። ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እሷም ተከትላው በሩ ሥር ቆመች።

«እንግዲህ ስማ» አሉ ሳጅኑ። «ውጭ ያሉት የተጎጂው ጓደኞች ናቸው፤ አነሳሱን ግን ማንም አላየም። ይኸኛው ደግሞ ለራሱ ይናገራል። ያንተ ቃል ነው የሚመዝነው። ማን ጀመረ?»

ለገሰ ቀና ብሎ አየው። አንዱ ዓይኑ ተደፍኗል፤ በቀረው ይለምነዋል።

«ሳሙኤል እጁን አላነሳም» አለ አብነት። «‹ሰልፍ እኮ ነው› ብቻ ነው ያለው። ለገሰ በቡጢ ጣለው። ከወደቀ በኋላ ደግሞ ጎኑን ረገጠው።»

«ጋሼ!»

ህይወት አልጮኸችም። ነጠላዋን አጣፋች፤ ባሏን እንደማታውቀው ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ወጣች። የሸበጧ ድምፅ በኮሪደሩ እየራቀ ሄደ።

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«አብነት፣ ሰውዬው የሚስትህ ወንድም ነው። አንተም ተጎድተሃል። ሂድ፣ ታከም፤ ከባለቤትህ ጋር ተነጋገር። ቃልህን ነገ መጥተህ ብትሰጥ ማንም አይወቅስህም። ሰው ሲያድር ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል።»

አብነት በሩን አየ። አሁን ቢሮጥ ከበሩ ሳትወጣ ይደርስባታል።

ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

«አሁኑኑ ይጻፉልኝ፣ ሳጅን» አለ።

ሳጅኑ ጽፈው አነበቡለት። ቀኝ እጁ እስክሪብቶ አልጨብጥ ስላለው በግራው ፈረመ።