በዝቪድዛይ ፎቅ ጥላ ሥር

ፀሐይ የተከለከለ መሬት ላይ ምን ያብባል? ሹቫይ ጥያቄውን ይዛ ግቢው መሃል ቆማለች። ስድስት ዓመት ስኮትላንድ ስለ ዕፅዋት ተምራ ወደ ትውልድ ከተማዋ ሙታሬ ከተመለሰች አራት ወሯ ነው፤ መልሱን ግን አላወቀችውም። ጧት ትልቁ የማንጎ ዛፍ ግቢውን ይጋርደዋል። ከሰዓት ደግሞ ጎረቤታቸው ዝቪድዛይ አምና የገተረው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ይረከበዋል። በሁለቱ መካከል የአሳዳጊ አክስቷ የማንዲቫምባ አበቦች አንድ በአንድ አለቁ።

ዝቪድዛይ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

"እማማ፣ ይሄን ሙት መሬት ታቅፈው ምን ሊያደርጉ ነው? ይሽጡልኝና መኪናዬን ላቁምበት።"

"እስከ ገና ካላበበ ውሰደው" አለች አክስቷ። "ካበበ ግን ሁለተኛ ስለ ግቢዬ እንዳትተነፍስ።"

እየሳቀ ሄደ።

"አክስቴ፣ ምን አስቸኮለሽ? ባያብብስ?"

"አንቺ ቺሄራ አይደለሽም እንዴ?"

ቺሄራ የአጋዘን ጎሳ ሴቶች መጠሪያ ነው። እልኸኛ ናቸው ይባላል፤ ሌላው ለስድብ ይለዋል፣ እነሱ ይኮሩበታል። ሹቫይ ግን ቺሄራነቷን ስኮትላንድ ትታው የመጣች ይመስላት ነበር።

ከሻንጣዋ ሦስት የዘር ፓኬቶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

"ይሄ ቤጎንያ ነው። ጥላ ይችላል፤ ግን ከዘር ተነስቶ እስኪያብብ አምስት ወር ይፈጃል።"

"ለገና ሁለት ወር ተኩል ነው የቀረው። ቀጥይ።"

"ይሄ ኮሊየስ ነው። የሚያምረው አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው።"

"ቅጠል ካማረኝ ጎመን አለልኝ። ቀጥይ።"

"ይሄኛው የአንድ ወቅት ነው፤ እዚያ ስኮትላንድ ዘንድሮ አብቦ ዘንድሮ ያልቃል። በጥላ የሚፈካ ግን እንደሱ የለም።"

"እሱን ዝሪ" አለች አክስቷ፣ መነጽሯን እንኳ ሳታደርግ።

ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይለብስም። ሹቫይ አመሻሽ ላይ በጥላው ዳር በተነችው።

ማለዳ የመጥረጊያ ድምፅ ቀሰቀሳት። እየሮጠች ወጣች። አክስቷ እንደ ወትሮዋ ግቢውን ጥግ ድረስ ጠርጋዋለች፤ የመጥረጊያው መስመር እንደተበጠረ ፀጉር ተጋድሟል።

"አክስቴ! ዘሩን ጠረግሽው!"

"የቱን ዘር? አፈር ነው የጠረግኩት።"

"ላዩ ላይ ነበር እኮ!"

"ስኮትላንድ ዘር አይቀበርም? ታዲያ እኔ በምን ልወቅ!"

ሹቫይ ስድስት ዓመት ተምራ፣ ያደገችበት ግቢ በየማለዳው እንደሚጠረግ ረሳች። ምን ልታደርግ ነው የመጣችው?

አክስቷ ባዶውን ፓኬት ተቀብላ መነጽሯን አደረገች። ሥዕሉን አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ይሄን ነው ከነጭ አገር ገዝተሽ በአውሮፕላን ያመጣሽው? እናቴ አገር ቩምባ፣ ወንዝ ዳር፣ ልብስ የምናጥብበት ድንጋይ ሥር ሞልቷል! ፍሬውን ስትነኪው ይፈነዳል። በሱ ስንት ልጅ አስደንግጠናል!"

"አክስቴ፣ የወንዝ ዳር ነገር እዚህ ይሆናል ብለሽ ነው?"

"ፓኬት ውስጥ ቢሆን ታምኚው ነበር። ተነሺ!"

በማግስቱ በአውቶቡስ ቩምባ ወጡ። የአበባውን ቅርንጫፎች ቆርጠው በረጠበ ጆንያ ጠቅልለው ተመለሱ። ተከሏቸው። ሹቫይ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረች፤ መጥረጊያው እዚያ ሲደርስ ይዞራል።

ቅርንጫፎቹ መጀመሪያ ጠወለጉ፣ ኋላ ቀና አሉ፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ግን ቅጠል ብቻ። ዝቪድዛይ ከሰገነቱ ተጣራ።

"ምሁሯ! ሰላጣ ነው እንዴ የተከላችሁት?"

"ወርደህ እይ!" አለች ሹቫይ። ድምፁ ከራሷ አፍ መውጣቱ ገረማት። "እዚያ ላይ ሆነህ የሚታይህ ጥላህ ብቻ ነው!"

አክስቷ ቀና ብላ አየቻት።

ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀር አንዲት ሮዝ ቀለም ያላት አበባ ብቅ አለች። በሳምንቱ የግቢው ዳር በሙሉ ፈካ። ዝቪድዛይ ሰገነቱ ላይ መውጣት ተወ።

በገና ዋዜማ ሹቫይ አበባውን ፎቶ አነሳችና ከሥሩ ጽፋ ለዝቪድዛይ ላከችለት፦ "እንደምን ሰነበቱ? አበባችን ጥላ በጣም ይወዳል። ከቀትር በኋላ ትንሽ ፀሐይ እየገባችብን ተቸግረናልና፣ እባክዎ አንድ ፎቅ ይጨምሩልን። ሁለቱ ቺሄራዎች።"

መልእክቱ መነበቡን ስልኳ አሳያት። መልስ ግን እስከ ዛሬ የለም።